የሚግልና የሚጮኽ ፕሌይስቴሽን፦ ማጽዳት፣ ፔስት መቀየር ወይስ ማራገቢያ መለወጥ?

ባለፈው ክረምት አንድ የጎረቤት ልጅ ፕሌይስቴሽን 4ቱን በፌስታል አንጠልጥሎ በራችንን አንኳኳ። «ጋሼ፣ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ጨዋታው መሀል ላይ ደግሞ ሞቋል ብሎ ያቆማል» አለኝ። ከዚያ በፊት ጥገና ቤት ወስዶት ማራገቢያው ተቀይሮለታል። ገንዘቡን ከፍሎ፣ አንድ ሳምንት ጠብቆ ቢወስደው ጩኸቱ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ክዳኑን ፈትቼ ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም ለማሽኑ ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን፣ ሳነሣው ከሥሩ መታየት የነበረበት ሂትሲንክ፣ ማለትም ሙቀቱን ተቀብሎ ለአየሩ የሚያስረክበው ባለ ቅጠል ብረት፣ አይታይም፤ በብረት ቅጠሎቹ አፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ አቧራ ተነጥፎበታል። ጫፉን በሁለት ጣቴ ይዤ ስስበው እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ሳይበጠስ ተላጠ። አዲሱ ማራገቢያ ምንም አልሆነም ነበር። የሚገፋው አየር መውጫ አጥቶ ነው ሲጮኽ የከረመው።

ሰዎች የሚግል መጫወቻ ይዘው ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ «ፔስት ይቀየር ወይስ ማራገቢያ?» ብለው ነው፤ ፔስት የሚባለው በማሽኑ ዋና ቺፕና በሂትሲንኩ መሀል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ነው። ከዚያ በፊት የሚቀድሙ ነገሮች አሉ። ቦታ መቀየር፣ ከውጭ ማጽዳት፣ ከፍቶ ማጽዳት፣ ፔስት መለወጥ፣ ማራገቢያ መለወጥ፣ ለባለሙያ መስጠት፣ ሽጦ ሌላ መግዛት፤ እያንዳንዱ የሚያድነው የተለያየ በሽታ ነው። በሽታውን ሳይለይ መድኃኒት የገዛ ሰው ያ ልጅ የገባበት ኪሳራ ውስጥ ይገባል። እዚህ የማነጻጽረው በየቤቱና በየፕሌይስቴሽን ቤቱ በብዛት የምናየውን ፕሌይስቴሽን 4ን ይዤ ነው፤ ፕሌይስቴሽን 5 የሚለይበትን ለብቻው እናገራለሁ።

ከካቻቪቴ በፊት ጆሮና እጅ

ማሽኑ በርዶ ሳለ አብሩትና አድምጡት። ገና ምንም ጨዋታ ሳይጀመር የሚፋጭ ወይም የሚንቋቋ ድምፅ ካሰማ ነገሩ ከሙቀት ጋር አይገናኝም፤ የማራገቢያው ኩሽኔታ ተበልቷል ወይም አንድ ሽቦ ክንፉን እየነካው ነው። ጸጥ ብሎ ጀምሮ ጨዋታ ከተከፈተ ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ እንደ ነፋስ እየበረታ የሚሄድ ድምፅ ግን የሙቀት ድምፅ ነው። ማሽኑ የማራገቢያውን ፍጥነት የሚወስነው የቺፑን ሙቀት እየለካ ስለሆነ፣ ሙቀቱን ማውጣት ባቃተው ቁጥር ማራገቢያውን ያፈጥነዋል። ሲዲ ሲገባ ለጥቂት ደቂቃ የሚሰማው የመሽከርከር ድምፅ የሲዲ ማጫወቻው ነው፤ ተዉት። ትንኝ ጆሮ ሥር እንደምታሰማው ያለ ቀጭን ፉጨት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከፓወር ሰፕላዩ የሽቦ ጥቅሎች የሚመጣ ነው። ይረብሻል እንጂ የመጋል ምልክት አይደለም፤ በማጽዳትም አይጠፋም።

ከዚያ እጃችሁን ወደ ጀርባው አስጠጉ። ይህቺ ፍተሻ ለእኔ ከመሣሪያ ሁሉ ትበልጥብኛለች። ማሽኑ እየጮኸ ከጀርባው የሚወጣው አየር ደካማና የሚፋጅ ከሆነ መንገዱ በአቧራ ተዘግቷል፤ ሙቀቱ ሂትሲንኩ ላይ ደርሷል፣ ተሸክሞት የሚወጣው አየር ግን አንሷል። ማሽኑ እየጮኸ የሚወጣው አየር ብርቱ ሆኖ ለብ ያለ ብቻ ከሆነ የተገላቢጦሽ ነው፤ አየሩ እንደ ልቡ ያልፋል፣ ሙቀቱ ግን ከቺፑ ወደ ብረቱ በደንብ አልተሻገረም። ያኔ ተጠርጣሪው ፔስቱ ነው። አየርም ድምፅም ከሌለ፣ ማሽኑም ጥቂት ቆይቶ በጣም መሞቁን የሚናገር መልእክት ካሳየ ማራገቢያው ቆሟል።

ምንም መልእክት ሳያሳይ ድርግም ብሎ የሚጠፋ ማሽን ግን የፓወር ሰፕላይ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ችግር ሊኖርበት ይችላል። ማከፋፈያውን ትታችሁ በቀጥታ ግድግዳ ላይ፣ ከተቻለም ሌላ ቤት ወስዳችሁ ሰክታችሁ ሞክሩት። የመብራቱ ቮልቴጅ በሚወርድበት ሰፈር ፓወር ሰፕላዩ ያንኑ ኃይል ለማግኘት ብዙ ከረንት ስለሚስብ ከወትሮው በላይ ይሞቃል፤ እንዲህ ላለው ቤት ደህና ስታቢላይዘር ከፔስት ይልቅ ይጠቅመዋል።

ምንም የማያስወጣው አማራጭ

በብዙ ቤት ፕሌይስቴሽን የሚቀመጠው ቡፌ ውስጥ ከመስታወት በር ጀርባ ነው። አቧራ እንዳይነካው ተብሎም ዳንቴል ይለብሳል። እናቶቻችን ይህን የሚያደርጉት ለዕቃው ሳስተው ነው፤ ነገር ግን ማሽኑ አየር የሚስበው በጎኑ ባለው ክፍተት፣ የሚያስወጣው በጀርባው ስለሆነ ዳንቴሉ አፍንጫውን ይሸፍንበታል። በሩ የተዘጋ ቡፌ ውስጥ ደግሞ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይምገዋል። አምራቹ ከግድግዳ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር እንዲርቅና ጸጉሩ በረዘመ ምንጣፍ ላይ እንዳይቀመጥ ያዝዛል። ከዲሽ ሪሲቨር ላይ መደረብም ያው ነው፤ ሁለቱም ይሞቃሉ። አንድ ምሽት ክፍት ጠረጴዛ ላይ አውጥታችሁ ያንኑ ጨዋታ ተጫወቱ። ጩኸቱ በግልጽ ከቀነሰ ጥገናው እዚያው አልቋል። ለዳንቴሉ የሚሆን ጊዜም አለ፦ ማሽኑ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ማልበስ፣ ከማብራት በፊት ማንሣት።

ስለ አዲስ አበባ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ስፋቱ ያው ቢሆንም ክብደቱ ያንሳል፤ ክብደቱ ባነሰ ቁጥር የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። የአየሩ ቅዝቃዜ ጉድለቱን ይክሰዋል፤ ሆኖም እዚህ ያለ ማሽን ጥቂት አቧራ ሲይዝ የሚከብደው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በድሬዳዋ፣ በጋምቤላና በሰመራ ጉዳዩ ሌላ ነው። ለፕሌይስቴሽን 4 የተፈቀደው የክፍል ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ በሞቃቱ ወራት የእነዚህ ከተሞች ቀትር ያንን ያልፋል። እዚያ አዲስ የተጸዳ ማሽንም በቀትር ይጮኻል። ፀሐይ ስትበርድ መጫወትና መስኮት መክፈት እዚያ ከማናቸውም ጥገና ይቀድማሉ።

ከውጭ ማጽዳት ወይስ ከፍቶ ማጽዳት?

ከውጭ ማጽዳት ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ማሽኑን ነቅሎ፣ የጎንና የጀርባ ክፍተቶቹን በደረቅ የቀለም ብሩሽ እየጠረጉ በአነስተኛ ጉልበት በቫኩም ክሊነር መሳብ ነው። በየወሩ ለሚያደርገው ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ሁለትና ሦስት ዓመት ሳይነካ ለቆየ ማሽን ግን የሚበቃ አይደለም፤ ዋናው አቧራ ያለበት ሂትሲንክ ከፓወር ሰፕላዩ ሥር ተደብቋልና። ከውጭ በብሎወር መንፋት ደግሞ የተወሰነውን አቧራ ይበልጥ ወደ ውስጥ ሊወትፈው ይችላል።

ማሽናቸውን ጎሚስታ ቤት ወስደው በጎማ መንፊያው ያስነፉ ሰዎች አጋጥመውኛል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የኮምፕሬሰሩ አየር ውኃና ዘይት ይዞ ይመጣል፤ ግፊቱም የማራገቢያውን ክንፍ ይሰብራል፣ ከሚገባው በላይ እያሽከረከረም ኩሽኔታውን ያበላሻል። በመጠነኛ ብሎወር ስትነፉ እንኳ ክንፉን በጣታችሁ ያዙት።

ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ከፍቶ ማጽዳትን እመርጣለሁ። ከጥቅሙ አንጻር አደጋው ትንሽ ነው፤ ተረጋግቶ ለሚሠራ ጀማሪ ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የሚያስፈልገው ጫፉ እንደ ኮከብ ሆኖ መሀሉ ቀዳዳ የሆነ ቁጥር 8 ካቻቪቴ፣ ተራ ባለ መስቀል ካቻቪቴና ለስላሳ ብሩሽ ነው። መሀሉ ያልተበሳ ኮከብ ካቻቪቴ ብሎኑ ውስጥ አይገባም፤ ሲገዙ ይህን ማየት ያስፈልጋል። መጀመሪያ የተቀመጡ ጨዋታዎቻችሁን በፍላሽ ገልብጡ። ገመዱን ሁሉ ነቅላችሁ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑ፣ አሥር ደቂቃም ቆዩ። «ፋት» በሚባለው በመጀመሪያው ሞዴል ጀርባ ላይ አራት ብሎኖች አሉ፤ አንዳንዶቹ በተለጣፊ ወረቀት ተሸፍነዋል። ማሽኑ ገና ዋስትና ካለው እዚህ ላይ ቁሙ። ዋስትናው ካለፈ የታችኛውን ክዳን ከጀርባ በኩል ቀስ ብላችሁ አንሡት።

ከውስጥ የምታገኙት ጥቁር ሳጥን ፓወር ሰፕላዩ ነው። የሚይዙት ብሎኖች ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረዥሙን በአጭሩ ቦታ መልሶ ማሰር ቦርድ ሊወጋ ይችላል። እኔ ነጭ ወረቀት ላይ የማሽኑን ቅርጽ እስልና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ አስቀምጠዋለሁ። ሳጥኑን ወደ ጎን ሳትጎትቱ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሡት፤ ከቦርዱ ጋር የሚያያዘውን ገመድ ከሶኬቱ ሳትነቅሉ አትሳቡት። ሳጥኑን ራሱን ግን በፍጹም አትክፈቱ፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሳጥኑ ሲነሣ ሂትሲንኩ ይገለጣል። አቧራውን በእጅና በብሩሽ አንሥታችሁ የተረፈውን ከማራገቢያው ርቆ ወደ ውጭ በሚሄድ አቅጣጫ ንፉት።

ዕጣን በየቀኑ በሚጨስበትና ከሰል በሚቀጣጠልበት ቤት አቧራው ቅባት ይዞ ክንፉ ላይ ይጣበቃል፤ ብሩሽ ብቻውን አያነሣውም፣ አልኮል የነካው ጥጥ ይፈልጋል። በረሮ ያለበት ቤትም ፓወር ሰፕላዩ ሞቅ ያለ መጠለያ ይሆናል። በሳጥኑ ቀዳዳዎች በኩል የበረሮ ዕዳሪና ክንፍ ካያችሁ ማጽዳቱን ለባለሙያ ተዉት፤ አጭር ዙር ፈጥሮ ማሽኑን ሊያቃጥል ይችላልና።

የዚያን ልጅ ማሽን አጽድተን ያንኑ የእግር ኳስ ጨዋታ ግማሽ ሰዓት አስጫወትነው። ማራገቢያው ሹክሹክታ ነበር የሚያሰማው፤ የዘጋቢው ድምፅ ከተቀመጥንበት ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ፔስቱን አልነካሁትም፤ ከጀርባው የሚወጣው አየር ብርቱና ሞቃት ስለነበር የሚያስነካ ምክንያት አልነበረም። በቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ጽዳት በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራና በሩ ወደ አቧራማ መንገድ ለሚከፈት ፕሌይስቴሽን ቤት ደግሞ በየሦስት ወሩ እመክራለሁ።

ፔስት ወይስ ማራገቢያ?

ቺፑና ሂትሲንኩ ለዓይን የተገጣጠሙ ቢመስሉም በመሀላቸው ጥቃቅን ስንጥቆች አሉ። ስንጥቆቹን አየር ከሞላቸው አየር ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም፤ የፔስቱ ሥራ እነዚያን ክፍተቶች መሙላት ነው። ከዓመታት ሙቀት በኋላ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ማሽኑ ብዙ ዓመት ያገለገለ ከሆነ፣ ሂትሲንኩ ከጸዳ በኋላም ከጮኸ፣ የሚወጣውም አየር ለብ ያለ ከሆነ ፔስት መቀየር ይገባል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እኔ አልቸኩልም።

ምክንያቱም ሥራው ከጽዳት እጅግ ይከብዳል። ቺፑ ያለው በቦርዱ ሌላ ገጽ ስለሆነ ሲዲ ማጫወቻው፣ የአንቴናው ሽቦና ቦርዱ ራሱ ይወጣሉ። የሲዲ ማጫወቻው ጠፍጣፋ ኬብል እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ ከተቀደደ ማሽኑ ሲዲ አያነብም። የድሮውን ፔስት ለመጥረግ ውኃ ያነሰበት፣ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ተመራጭ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ውኃ ስላለበት፣ እሱን ከተጠቀማችሁ እስኪደርቅ በትዕግሥት ጠብቁ። አዲሱን የምስር ፍሬ ያህል መሀል ላይ ማድረግ ይበቃል። በማስታወሻ ቺፖቹ ላይ ያሉትን ለስላሳ ንጣፎች ሳትቀድዱ ወደ ቦታቸው መልሱ። በፔስት ፋንታ የጥርስ ሳሙና ስለመቀባት የሚወራውን አትስሙ፤ በውስጡ ያለው ውኃ ቶሎ ይተንና ከበፊቱ የከፋ ደረቅ ቅርፊት ይተርፋል።

ማራገቢያ መቀየር ከፔስት ይቀላል፤ ሆኖም የሚያድነው ጥቂት በሽታ ነው፦ የተበላ ኩሽኔታ፣ የተሰበረ ክንፍ፣ የቆመ ሞተር። በጣታችሁ ስታሽከረክሩት በልስላሴ ዞሮ ቀስ ብሎ ከቆመ ደህና ነው። ሲንገዋለል ወይም ሲፋጭ ከተሰማችሁ ይቀየር። የፋት፣ ከእሱ በኋላ የወጡት የስሊምና የፕሮ ሞዴሎች ማራገቢያዎች አይወራረሱም፤ በፋቱ መካከልም ልዩነት ስላለ ከማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥር፣ ለምሳሌ ሲዩኤች-1200 የሚለውን፣ ጽፋችሁ ወደ ገበያ ውጡ። በእኔ ልምድ ከተበላሸ ማሽን የወጣ ዋናው ማራገቢያ፣ ስሙ ካልታወቀ ርካሽ አዲስ ይሻላል።

ከሥር የሚደረጉ ባለ ትንንሽ ማራገቢያ ማቀዝቀዣ መቆሚያዎች ይሸጣሉ። ውስጡ ለተዘጋ ማሽን አይጠቅሙትም፤ ለንጹሕ ማሽንም የራሳቸውን ጩኸት ይጨምሩበታል። ገንዘቡን ለካቻቪቴው አውሉት።

ቦርዱን በሙቅ አየር «አሙቆ ማዳን» የሚል ሐሳብ የሚያቀርብላችሁ ካለ አትቀበሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ማይክሮሶፍት በራሱ የጨዋታ ማሽን በኤክስቦክስ 360 ላይ በታየው የቀይ መብራት ብልሽት የተነሣ ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ መያዙ ይታወሳል። ያኔ ብዙ ሰው ማሽኑን በፎጣ ጠቅልሎ በማጋል ለማስነሣት ሞክሯል። አንዳንዱ ለጥቂት ቀን ተነሥቶ እንደገና ሞቷል፤ ሙቀት ያላላውን ግንኙነት ተጨማሪ ሙቀት አያጠነክረውም።

ፕሌይስቴሽን 5 ሲሆን

እዚህ ላይ ምክሬ ይለወጣል። በፕሌይስቴሽን 5 ቺፕ ላይ ያለው ፈሳሽ ብረት ነው፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ከፈሰሰም ቦርዱን አጭር ዙር ያደርገዋል። ስለዚህ ፔስት መቀየር የሚለው አማራጭ በቤቱ ራሱ ለሚጠግን ሰው የተዘጋ ነው። በአንጻሩ ጽዳቱ ከፕሌይስቴሽን 4 ይቀላል። የጎን ሽፋኖቹ ያለ ካቻቪቴ ይወልቃሉ፤ ከሥራቸው አቧራ እንዲጠራቀምባቸው ተብለው የተሠሩ ቀዳዳዎች ስላሉ በቫኩም ክሊነር መሳብ ይበቃል። ከዚያ በኋላም ከጮኸ ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

ራስ ወይስ ባለሙያ?

ጽዳትን በራሳችሁ፣ ማራገቢያን እጃችሁ ከለመደ በራሳችሁ፣ ፔስትን የመጀመሪያችሁ ከሆነ በባለሙያ፣ ፓወር ሰፕላይን ሁልጊዜ በባለሙያ፤ የእኔ ክፍፍል ይህ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት ያላችሁ ግን ፔስቱንም ብትማሩት ይጠቅማችኋል፤ በዓመት ውስጥ ብዙ ማሽን ይገጥማችኋልና።

መርካቶም ሆነ መገናኛ ስትሄዱ «አስተካክልልኝ» ብላችሁ አትስጡ። «ፓወር ሰፕላዩን አንሥተህ ሂትሲንኩን ታጸዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ሲያመነታ ካያችሁት ሌላ ፈልጉ። ሲከፈት አጠገቡ ተቀመጡ፤ ጥሩ ባለሙያ ይህን አይጠላም፣ እንዲያውም አቧራውን ያሳያችኋል። ተቀየረ የተባለውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ። ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሩብ ሰዓት አስጫውታችሁ እጃችሁን ከጀርባው አስጠጉ።

ሽጦ ሌላ መግዛት

የጥገናው ዋጋ ተመሳሳይ ያገለገለ ማሽን ከሚያወጣው ግማሽ ከደረሰ መሸጥን አስቡ። የትኛውን ልግዛ ለሚል ሰው ጩኸትን የሚወስነው የሚበላው ኃይል ነው፤ የሚበላው ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣልና። የመጀመሪያው ፋት እስከ 250 ዋት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 የወጣው ስሊም እስከ 165 ዋት፣ በዚያው ዓመት የወጣው ፕሮ እስከ 310 ዋት ተብሎ ተመዝግቦባቸዋል። ለትንሽ ክፍልና ለጸጥታ ስሊም ይመረጣል። ፕሮ ከፈለጋችሁ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2018 ወዲህ የወጣውን፣ ቁጥሩ ሲዩኤች-72 ብሎ የሚጀምረውን ፈልጉ፤ ከቀደሙት ፕሮዎች ድምፁ የቀነሰ ነው።

ያገለገለ ስትገዙ ግራፊኩ የሚከብድ ጨዋታ ያለበት ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ። የሻጩ ማሽን ዋናው ገጽ ላይ ሲቆም ሁልጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ግማሽ ሰዓት ተጫወቱበት፣ ከጀርባው የሚወጣውን አየር በእጃችሁ ለኩ፣ የጀርባው ተለጣፊዎች ተነሥተው እንደሆነም እዩ። ተነሥተው ከሆነ ማን እንደከፈተውና ምን እንደቀየረ ጠይቁ፤ ጽዳት ከሆነ ለእናንተ ጥሩ ዜና ነው። ሻጩ ግማሽ ሰዓት አላስጫውትም ካለ አትግዙት።